በአንድ ጎጆ ሁለት ልጆች

(በፕሮጀክት ሠራተኞችና በአጥቢያ ጉባኤያት ተወካዮች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



 ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሐኪሞች በላቦራቶሪ ብቻ የሚመረምሩት ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን እያንዳንዳችን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የሰማነው ጥያቄ ነው። ይኸውም በአንድ ጎጆ የሚኖሩ፣ ከአንድ ገበታ የሚበሉ፣ በአንድ መደብ ላይ የሚተኙ ሁለት ልጆች በአንድ ሰሞን ሳል ሲይዛቸው፣ አንደኛው በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ሲጫወት ሁለተኛው ለምን ይሞታል? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ በየመንደሩ የተዘጋጀ መልስ አለ። «ዓይን ነክቶት ነው» ይባላል፤ «የቤቱ እርግማን ነው» ይባላል፤ «እናቲቱ ሳትጠነቀቅለት ቀርታ ነው» ይባላል። እኛም በልማት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የራሳችን የተዘጋጀ መልስ አለን። እርሱም «አላስከተቡም፤ ቤቱ ጢስ የሞላበት ነው፤ በጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ አልመጡም» የሚለው ነው። ይህ መልስ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሁልጊዜ ግን እውነት አይደለም። እውነት ባልሆነበት ቤት ሲነገር ምን ያህል እንደሚያቆስል በዓይናችን ስላየን ነው ይህን ንግግር ለማዘጋጀት የተነሣነው።

አንዲት እናት

በደቡብ አገራችን በሚገኝ አንድ የደጋ ቀበሌ ስለ እናቶችና ስለ ሕፃናት ጤና ትምህርት በምንሰጥበት ጊዜ አንዲት ወጣት እናት ዘወትር ከኋላ ትቀመጥ ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆቿን በሳንባ ምች ቀብራለች። ሴት ልጇ ደህና ናት። ሦስተኛው ወንድ ልጅ ግን በጀርባዋ ታዝሎ ይስል ነበር። አንድ ቀን ከትምህርቱ በኋላ እስከ ቤቷ ሄድን። ምድጃው በቤቱ መካከል ስለ ነበረ ጢሱ ዓይን ያቃጥላል። እኛም የተማርነውን ለመናገር ቸኩለን፣ «እህታችን፣ ጢሱን ከቤት ብታስወጪ፣ ልጆቹንም በጊዜ ብታስከትቢ ኖሮ እነዚያ ሁለቱ ባልሞቱ ነበር» አልናት።

እርስዋም ቀና ብላ ሳታየን፣ «ወንድሞቼ፣ አስከትቤ ነበር» ብላ ከሣጥን ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለሉ የክትባት ካርዶች አወጣች። የአራቱም ልጆች ካርድ ነበር፤ የሞቱትም፣ ያሉትም። አንድ ቀጠሮ እንኳ አልጎደለም። ሴት ልጇም በዚያው ጢስ ውስጥ ያደገች ስትሆን በዚያች ሰዓት ከደጅ ትሮጥ ነበር።

አጠገባችን የተቀመጡት የወጣቷ እናት፣ «ልጆቼ፣ አትድከሙ። የእኔም ሁለት ወንዶች የሄዱት እንዲሁ ነው። ከእኛ ማሕፀን ወንድ አይበረክትም» አሉ። ሌላም ነገር በዚያን ዕለት ሰማን። የባሏ ዘመዶች «ይህች ሴት ወንድ ልጅ አታሳድግም» እያሉ ሌላ ሚስት እንዲያገባ ይመክሩት ጀምረዋል። እንግዲህ እኛ ሳናውቅ በሌሎች ክስ ላይ የራሳችንን ክስ ጨምረንባት ነበር።

አብራን የሄደችው ነርስ ግን ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ ሦስት ጥያቄዎች ጠየቀች። «ሕመሙ የሚጀምራቸው በስንት ወራቸው ነው?» አለች። «እስከ ስድስት ወር እንደ ማንም ልጅ ይወፍራሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው» አለቻት። «ጆሮአቸው ይመግላል?» አለች። «አዎን፣ እየደጋገመ» አለቻት። «የታመሙት ሁሉ ወንዶች ናቸው?» አለች። አሮጊቷ ቀድመው፣ «ሁሉም ወንዶች ናቸው» ብለው መለሱ። ነርሷ ይህን በማስታወሻዋ ጽፋ ሕፃኑ ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንዲላክ አደረገች። ስለዚህ ልጅ በመጨረሻ እንናገራለን። አስቀድመን ግን ነርሷ ለምን እነዚያን ጥያቄዎች እንደ ጠየቀች እንመልከት።

ጀርሙ አንድ ነው፣ ሰው ግን ይለያያል

የሳንባ ምች ማለት በሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች በመግልና በፈሳሽ ሲሞሉ ልጁ አየር የሚያጣበት በሽታ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ከ740,000 በላይ ሕፃናት በዚህ በሽታ ሞተዋል። በሽታውን ከሚያመጡት ጀርሞች አንዱና ዋነኛው ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው።

ታዲያ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይህ ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሕፃናት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ምንም ሳያደርጋቸው ይኖራል። እነዚያ ልጆች ጀርሙን ተሸክመው ይሮጣሉ፣ ይስቃሉ፣ ይጠባሉ። ከእነርሱ መካከል በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ ጀርሙ መኖሩ ብቻውን በሽታውን አይገልጸውም። የምግብ እጥረት፣ የቤት ውስጥ ጢስ፣ መጨናነቅ፣ የእናት ጡት ወተት ማጣት፣ ኩፍኝና ኤች አይ ቪ በሩን ለጀርሙ ይከፍታሉ። ከእነዚህም ሌላ ልጁ ከወላጆቹ የወረሰው የሰውነት አሠራር አለ።

ይህን የሚያሳይ አንድ ጥናት በዴንማርክ አገር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1988 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ ገና በሕፃንነታቸው ለጉዲፈቻ የተሰጡ ሰዎች ያሉባቸውን 960 ቤተሰቦች ተከታተሉ። እነዚህ ሰዎች የወለዷቸው ወላጆች ሌሎች ናቸው፤ ቤትና ማዕድ የሰጧቸውም ሌሎች ናቸው። ከወለዷቸው ወላጆች አንዱ ከ50 ዓመት ዕድሜ በፊት በተላላፊ በሽታ የሞተ ከሆነ፣ ልጁም እንዲሁ በተላላፊ በሽታ ያለ ዕድሜው የመሞቱ ዕድል ወደ 6 እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። አሳዳጊው ወላጅ በተላላፊ በሽታ ሲሞት ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። እንግዲህ በሽታን የመቋቋም ኃይል ከቤቱና ከማዕዱ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከፊሉ ከወላጅ የሚወረስ ነው።

የሚወረሰው ምንድን ነው?

በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ሰውነታችን እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዝ ረጅም ጽሑፍ የመሰለ ነገር አለ። ከአባት የሚመጣው 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው፤ ከእናት የሚመጣውም እንዲሁ። የዚህ ጽሑፍ እያንዳንዱ ትእዛዝ ጂን ይባላል። አንድ ትእዛዝ ቀይ የደም ሕዋስ እንዴት እንደሚሠራ ይናገራል፤ ሌላው ጀርምን የሚዋጋው ወታደር በምን ምልክት ጠላቱን እንደሚያውቅ ይናገራል።

የብራና መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ ምንም ያህል ቢጠነቀቅ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል እንደሚስት ሁሉ፣ ይህ ጽሑፍም ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አንዳንድ ፊደል ይለወጣል። አብዛኛው ለውጥ ምንም አይጎዳም። አንዳንዱ ይጠቅማል፤ አንዳንዱ ይጎዳል። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል የተለወጠ ፊደል የሌለበት አንድ ሰው አይገኝም። እያንዳንዳችን ሳናውቀው የተሸሸገ ጎጂ ለውጥ ይዘን እንዞራለን። ይህን አደራ እንዳትረሱብን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

አንድ ፊደል፣ ሁለት ፊት

አንድ የታወቀ ምሳሌ እንውሰድ። በብዙ የአፍሪካ ቆላማ አገሮች ሲክል ሴል የሚባል በዘር የሚወረስ የደም ሕመም አለ። በአገራችን ደጋማ ሕዝብ ዘንድ እምብዛም አይገኝም። በጎረቤታችን በኬንያ፣ በባሕር ዳርቻውና በቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ ግን የተለመደ ነው። የሕመሙ ምክንያት በአንድ ጂን ውስጥ የአንዲት ፊደል መለወጥ ነው። ሕመሙ ያለበት ሰው ቀይ የደም ሕዋሱ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ማጭድ ይቆለመማል።

አንቶኒ አሊሰን የሚባል፣ በኬንያ ያደገ ሐኪም፣ ይህ ጎጂ ለውጥ ወባ በሚበዛበት አገር ለምን እንደበዛ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1954 መልሱን አሳተመ። ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ልጅ አይታመምም፤ ይልቁንም ከብርቱ ወባ በአብዛኛው ይጠበቃል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ይህን አረጋግጠዋል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ከብርቱ ወባ የሚጠበቀው 90 በመቶ ያህል ነው።

ያንኑ ፊደል ከአባትም ከእናትም የወረሰ ልጅ ግን ሌላ ዕጣ ይደርሰዋል። የቆለመሙት ሕዋሳት ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋሉ። ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ጣፊያ ነው። ጣፊያ ደግሞ ኒሞኮከስን የመሰለ ባክቴሪያ ከደም ውስጥ የሚያጣራ ወንፊት ነው። ወንፊቱ ሲበላሽ ጀርሙ በደም ውስጥ እንደ ልቡ ይራባል። በኬንያ በኪሊፊ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሲክል ሴል ያለባቸው ሕፃናት ባክቴሪያ ወደ ደማቸው የመግባቱ ዕድል ከሌሎች ልጆች 26 እጥፍ ይበልጣል፤ በኒሞኮከስ ብቻ ሲታይ ደግሞ 33 እጥፍ ነው። ያው አንዱ ፊደል አንዱን ልጅ ከወባ ይጠብቃል፤ ወንድሙን ለሳንባ ምችና ለደም መመረዝ አሳልፎ ይሰጣል። ሁለቱም የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ ንግግራችንን ብናቆም ሰው ሁሉ «እንግዲያስ በደም የተጻፈ ነገር ነው፤ ምን ይደረጋል?» ብሎ በተነሣ ነበር። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በአሜሪካ አገር ሲክል ሴል ያለባቸው ከሦስት ዓመት በታች የሆኑ 215 ሕፃናት በሁለት ተከፈሉ። 105ቱ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ፔኒሲሊን እንዲውጡ ተደረገ፤ 110ሩ መድኃኒት የሚመስል ነገር ግን መድኃኒት ያልሆነ ክኒን ተሰጣቸው። ክኒን ብቻ ከተሰጣቸው 13ቱ በኒሞኮከስ ብርቱ ሕመም ተያዙ፤ ከእነርሱም ሦስቱ ሞቱ። ፔኒሲሊን ከወሰዱት የተያዙት ሁለት ሲሆኑ የሞተ የለም። ልዩነቱ ግልጥ ሆኖ ስለታየ ሙከራው ከታቀደለት ጊዜ 8 ወር ቀድሞ ቆመ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1986 ታተመ።

ወገኖቻችን፣ ይህን አስተውሉ። የልጆቹ ጂን አልተለወጠም። አንዲት ፊደል እንኳ አልታረመችም። የተለወጠው ጥበቃው ነው። በማንኛውም ገጠር ሊገኝ በሚችል ርካሽ መድኃኒት፣ በደም የተጻፈ የተባለው ሞት ከአብዛኞቹ ላይ ተመለሰ። ዛሬ ልንናገር የመጣነው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ልጅ የወረሰው ድካም የሞት ፍርድ አይደለም፤ ከሌላው ልጅ አስቀድሞና አጥብቆ ሊጠበቅ እንደሚገባው የሚነግረን ምልክት ነው።

ወንዶች ልጆች ብቻ ለምን?

ወደ ነርሷ ጥያቄ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ ኦግደን ብሩተን የሚባል ሐኪም ደጋግሞ በኒሞኮከስ ስለሚታመም አንድ የ8 ዓመት ወንድ ልጅ ጻፈ። የልጁን ደም ሲመረምረው ጀርምን የሚዋጉት፣ አንቲቦዲ የሚባሉት መከላከያዎች ከነአካቴው የሉም። ከሌሎች ሰዎች ደም የተጣራ መከላከያ በየጊዜው ሲወጋው ሕመሙ ቆመለት። ጉድለቱ ያለበት ጂን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ተገኘ።

ይህ ጂን የሚገኘው ሴት ሁለት፣ ወንድ አንድ ብቻ ባለው የጽሑፍ ጥቅልል ላይ ነው። ሴት አንዱ ቢበላሽባት ሁለተኛው ይሠራላታልና አትታመምም። ወንድ ግን መተኪያ የለውም። ለውጡን የተሸከመች እናት የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ገደማ ደህና የሚሆነው በእርግዝና ጊዜ ከእናቱ የተቀበለው መከላከያ ስለሚጠብቀው ነው። ያ ስንቅ ሲያልቅ ሕመሙ ይጀምራል። ነርሷ ስለ ወሩ፣ ስለ ጆሮው መምገልና ስለ ወንዶቹ የጠየቀችው ለዚህ ነበር።

ሌሎችም እንዲህ ያሉ ጉድለቶች ታውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 በተገለጹ ሁለት የጂን ጉድለቶች፣ ሕፃናቱ ሌላውን ጀርም አብዛኛውን እየተቋቋሙ በኒሞኮከስ ግን በብርቱ ይጠቃሉ። የሚያስደንቀው ነገር ልጆቹ በመድኃኒትና በክትባት ተጠብቀው ወደ ጉርምስና ከደረሱ ብርቱው ሕመም እየራቃቸው መሄዱ ነው። ማዕበሉ የሚበረታው በልጅነት ነው፤ ያን ጊዜ ከተሻገሩ ይኖራሉ።

በእኛው አገር ያለ ምስክር

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ አንድ የቅርብ ነገር እንጨምር። በወላይታና በሌሎች ቀይ አፈር ባለባቸው ደጋማ አካባቢዎች እግርን የሚያሳብጠውን፣ ብዙዎች ዝሆኔ የሚሉትን በሽታ ታውቃላችሁ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ባዶ እግራቸውን በዚያ አፈር ላይ ለዓመታት የሚሄዱ ሰዎችን ይይዛል። ነገር ግን በባዶ እግራቸው ከሚሄዱት ሁሉ የሚታመሙት ከፊሎቹ ናቸው። የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል ነው። በወላይታ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የሰውነትን መከላከያ ከሚያዝዙት ጂኖች መካከል ከዚህ በሽታ ጋር የተያያዙትን አመለከተ።

ስንት ቤተሰብ በዚህ በሽታ ምክንያት «ዘራቸው የታመመ ነው» ተብሎ ጋብቻ ተከለከለ! ስንቱ ከዕድርና ከማኅበር ራቀ! በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት መኖሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያ ተጋላጭነት ያለበት ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግና እግሩን በውኃና በሳሙና ቢታጠብ በሽታው አይደርስበትም። ጂኑ በውስጡ እያለ እግሩ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። በኪሊፊና በአሜሪካ ስለ ሲክል ሴል የተማርነውን ትምህርት በእኛው አፈር ላይ እንደገና እናነበዋለን።

ከሁለት ስሕተት እንጠበቅ

ይህ እውቀት በማይገባ አያያዝ ከተያዘ ጉዳት ያመጣል። ሁለት ስሕተቶችን በተለይ እንፈራለን።

የመጀመሪያው እውቀቱን መወንጀያ ማድረግ ነው። ለባልየው ዘመዶች «በሽታው በእናቲቱ በኩል ይወረሳል» ብለን በችኮላ ብንናገር ምን እንደሚከተል አስቡ። ትናንት በእርግማን ስም ያባረሯት ዛሬ በሳይንስ ስም ያባርሯታል። ስለዚህ ሙሉውን እንናገር። ማንም ሰው ጂኑን መርጦ አልተወለደም። እናቲቱም ከወላጆቿ ተቀበለች እንጂ በሠራችው ሥራ አላመጣችውም። እንዲህ ያለው ለውጥ በማንኛውም ቤት አዲስ ሊጀምር ይችላል። ሲክል ሴልን የመሰለው ሕመም ደግሞ ከአባትም ከእናትም ካልመጣ አይሆንም። አስቀድመን እንዳልነው ከመካከላችን የተሸሸገ ለውጥ የሌለበት ሰው የለም፤ ድንጋይ ለማንሣት ንጹሕ የሆነ አይገኝም ማለት ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ እንዳቀረቡ ታስታውሳላችሁ። ጌታችን በደለኛ ሳይፈልግ ሰውየውን ሊረዳ ተነሣ። የእኛም ሥርዓት ይኸው ይሁን።

ሁለተኛው ስሕተት ጂንን ማመካኛ አድርጎ ሌላውን ሥራ መተው ነው። እንደዚያች እናት ልጆች ያለ በአንድ ጂን የሚመጣ ብርቱ ጉድለት ጥቂት ቤት ብቻ የሚገባ ነው። በአብዛኞቹ ልጆች ላይ የሚሠራው ውርስ ብዙ ጥቃቅን ለውጦች ተደማምረው የሚያመጡት ትንሽ ልዩነት ነው፤ ሚዛኑን የሚደፋው ጢሱ፣ ረሃቡ፣ የክትባት መጓደልና መዘግየት ነው። አገራችን የኒሞኮከስን ክትባት እ.ኤ.አ. በ2011 በመደበኛ ፕሮግራም መስጠት ጀምራለች። ይህ ክትባት የተጋለጠውንም ያልተጋለጠውንም ይጠቅማል። ብዙ ልጆች ሲከተቡ ጀርሙን የሚያስተላልፍ ስለሚቀንስ፣ ሰውነቱ ደካማ የሆነው ልጅ በጎረቤቶቹ ክትባት ጭምር ይጠበቃል። የጠንካራው ልጅ እናት ልጇን ስታስከትብ የደካማውንም ልጅ እየጠበቀች ነው።

ምን እናድርግ?

በየፕሮጀክታችሁና በየጉባኤያችሁ ልታደርጉት የምትችሉትን በአጭሩ እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ልጅ ወደ ሞተበት ቤት ስትሄዱ አስቀድማችሁ አዳምጡ። ምክር ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ካርድ ካለ ተመልከቱ። እኛ ሳንጠይቅ ተናግረን አፍረናል።

ሁለተኛ፣ በአንድ ቤተሰብ ከአንድ በላይ ሕፃን በሳንባ ምች ወይም በሌላ ተላላፊ በሽታ ሞቶ እንደሆነ፣ ወይም አንድ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ጊዜ የሳንባ ምች ይዞት እንደሆነ በመዝገባችሁ ጻፉ። የሞቱት ወንዶች ብቻ ናቸውን? የእናቲቱስ ወንድሞች? ብላችሁ በቀስታ ጠይቁ፤ ለጤና ባለሙያውም ንገሩ። ይህ ጥያቄ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ሦስተኛ፣ የሳንባ ምችን ምልክት እናቶችም አባቶችም ይወቁ። ልጁ ተረጋግቶ ሳለ አተነፋፈሱን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ለሆነ ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ ደረቱ ከሥሩ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው አንድ ሌሊት እንኳ አታሳድሩት። በቤተሰቡ ከዚህ በፊት ልጅ የሞተበት ከሆነ ሳል እንደ ጀመረው ይታይ።

አራተኛ፣ ምድጃውን ከልጆች መኝታ ማራቅ፣ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ማጥባት፣ ክትባትን በቀጠሮው መፈጸም አይቋረጥ። እነዚህ ለሁሉም ልጅ የሚጠቅሙ ናቸው፤ ለተጋለጠው ልጅ ግን ሕይወት ናቸው።

አምስተኛ፣ ለረጅም ጊዜ መድኃኒት የሚያስፈልገው ልጅ በጉባኤያችሁ ካለ፣ የመንገድ ወጪውንና የቀጠሮውን ቀን የጉባኤው ጉዳይ አድርጉት። ብቻዋን የምትመላለስ እናት ትደክማለች፤ መድኃኒቱም ያን ጊዜ ይቋረጣል።

የዚያ ልጅ ነገር

አሁን ቃል ወደ ገባነው እንመለስ። ሕፃኑ ወደ ሆስፒታል በሄደ ጊዜ ሐኪሙ ጉሮሮውን ተመልክቶ በሌሎች ልጆች ላይ የሚታየው ቶንሲል እንደሌለው አስተዋለ። የደሙ ምርመራም መከላከያው እጅግ ጥቂት መሆኑን አሳየ። ሐኪሙ ባልና ሚስቱን አንድ ላይ አስቀምጦ በቀስታ አስረዳቸው። የትኛው ክትባት እንደሚስማማውና የትኛው እንደማይስማማው ነገራቸው። ከብዙ ሰዎች ደም የሚጣራው መድኃኒት ዋጋው ከባድ ነው፤ ሁልጊዜም አይገኝም። በተገኘ ጊዜ ይሰጠዋል፤ በየቀኑ ደግሞ ጀርም የሚከላከል መድኃኒት ይወስዳል። የአጥቢያው ጉባኤ ተራ ገብቶ የመኪና ኪራይ ይከፍላል። አባትየው ሌላ ሚስት አላገባም፤ ልጁን ይዞ የሚመላለሰው አሁን እርሱ ነው። ልጁ አምስት ዓመት ሞልቶታል። መንገዱ ገና ረጅም መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ሁለቱ ወንድሞቹ ያልደረሱበት ዕድሜ ላይ ደርሷል።

ውጤቱን ሰምተን ወደዚያ ቤት በተመለስን ጊዜ በመጀመሪያ ስለ ተናገርነው ቃል ይቅርታ ጠየቅን። ወጣቷ እናት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። የተናገሩት አሮጊቷ ናቸው። «ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉ። «እንግዲያስ የእኔ ሁለቱ ወንዶች የሞቱት በእኔ ጥፋት አይደለም?»

«አይደለም፣ እማማ» አልናቸው።

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ብዙ ተቀመጡ። ከአርባ ዓመት በላይ ያን ጥያቄ ለብቻቸው ይዘውት ኖረዋል። በየቀበሌያችን ያንኑ ጥያቄ ይዘው ከኋላ የሚቀመጡ እናቶች አሉ። ወደየመጣችሁበት ስትመለሱ ፈልጋችሁ አግኟቸው፤ ልጆቻቸውንም አስቀድማችሁ ጠብቁላቸው።